ንስሐ ግቢበት ያሉኝ ሥራ

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ እትዬ አስካለ ደወሉልኝ። እትዬ አስካለ የማርያም ማኅበራችን ሙሴ፣ ማለትም አለቃችን ናቸው። ወር በገባ በሃያ አንድ በአንዳችን ቤት ተሰብስበን ስንጸልይና ስንበላ እንውልና፣ ልንለያይ ስንል የዕለቱ ባለተራ ጽዋውን ለሚቀጥለው ወር ባለተራ ታስረክባለች። ለማን እንደምታስረክብ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። እኔን መዝለል ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል።

“እንኳን ደስ አለሽ ውባለም፤ ከዚያ ነገር እንኳን በሰላም ወጣሽ” አሉኝ። የሠራሁበትን ቦታ “ያ ነገር” ነው የሚሉት። “ተነጋግረናል። የሚቀጥለው ወር ተራ ያንቺ ይሁን ብለናል። ብቻ ከዚያ በፊት አባን አግኚያቸውና ንስሐሽን ውሰጂ። ማኅበሩ ቤትሽ ሲሰበሰብ ደግሞ ፊታቸው ተጸጽቻለሁ በይ። አንዲት ቃል ናት፤ ትያታለሽ፣ ያልቃል።”

“አስቤበት ኮል አደርግልዎታለሁ” ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። አስቤበት ያልኩት ለጨዋነት ነው እንጂ ደሜ ፈልቶ ነበር። በምኑ ነው የምጸጸተው? ሰርቄአለሁ? ሰው አታልያለሁ? ጠዋት ተነስቼ በላቤ ሠርቼ ማታ ቤቴ ነው የገባሁት!

ጽዋውን እፈልገዋለሁ፤ በዚህ አልዋሽም። ባለቤቴ ሲሞት ሜይላንድ ሃይትስ ሰፈር ያለችውን ቤቴን የሞሉት፣ ቀብሩን ያስፈጸሙት፣ እንቅልፍ እስኪወስደኝ አጠገቤ የተቀመጡት የማኅበሩ ሴቶች ናቸው። ልጅ የለኝም። ነገ ብወድቅ በሬን የሚያንኳኩት እነሱ ናቸው። ተራዬን የማገኘው ግን ሥራዬን ከረገምኩ ብቻ ነው አሉኝ። እንግዲያው ከመርገሜ በፊት ሥራው ምን እንደነበረ ልናገር። እነሱ እንደሆኑ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀውኝ አያውቁም።

ካልጋሪ መጀመሪያ የተቀጠርኩት መሃል ከተማ ካለ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። አለቃዬ ስሜን መያዝ ስለሰነፈ “ዌንዲ” ብሎ ባጄ ላይ ጻፈልኝ። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና “ዌንዲ፣ እራት ደርሷል ወይ?” እያለ ስንት ዘመን ሲያሾፍብኝ ኖሯል። ቀጥሎ ፓርኪንግ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ሆንኩ፤ እሱን ደግሞ ማሽን ነጠቀኝ። በእነዚህ ሁለት ሥራዎች ማኅበሩ ተጠይፎኝ አያውቅም። የሆቴሉ አንሶላ ላይ ምን ምን አይ እንደነበር ብነግራቸው ግን የዚያን ቀን ምሳ አይበሉም ነበር።

ከዚያ ካናዳ ካናቢስን፣ እኛ ሐሺሽ የምንለውን፣ በሕግ ፈቀደች። በ2A መንገድ ወደ ኦኮቶክስ ከተማ ሲኬድ መስኮት የሌለው ትልቅ ሕንፃ ውስጥ አንድ ድርጅት ማብቀል ጀመረና ሰው ሲቀጥር እኔም አመለከትኩ። ከመጀመሬ በፊት ለንስሐ አባቴ ለአባ ደውዬ ጠየቅኋቸው። “መንግሥት የፈቀደው ነው፤ ለሕመምተኛም ይሆናል። አንቺ አትቅመሺው እንጂ ሥሪ” አሉኝ። ይህን ያሉኝ በስልክ ነው። በኋላ ሴቶቹ ሲያወግዙኝ ይህንኑ ቃል ማኅበሩ መሃል ቁጭ ብለው ቢደግሙልኝ ምን ነበረበት? ዝም አሉ። እሳቸውንም ቢሆን ገና አልማርኳቸውም።

ደሞዙ ከፓርኪንጉ ይሻላል፣ ኢንሹራንስም ነበረው፤ ስለ ገንዘቡ ይኸው ይበቃል።

የመደቡኝ ተክል የሚባዛበት ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ቤት ተክሉ ከዘር አይጀመርም። አንዲት ጤነኛ ተክል “እናት” ተብላ ትመረጥና ከእሷ ቅርንጫፍ እየተቆረጠ አፈር ውስጥ ይተከላል። ሥር ካወጣ እናቱን ቁርጥ የሚመስል አዲስ ተክል ይሆናል። ሥር ካላወጣ ይጣላል። የእኔ ሥራ እንዳይጣል ማድረግ ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ ሬይ የሚባል ሸምገል ያለ ፈረንጅ ነው። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት በቤቱ ምድር ቤት ተደብቆ ያበቅል እንደነበር፣ ፖሊስም አንድ ጊዜ እንደወሰደው ራሱ ነገረኝ። ያበቀለው ለሚስቱ ነው። ካንሰር ይዟት፣ ከሕመሙ ብዛት እንቅልፍ አጥታ፣ ያ ቅጠል ብቻ ነበር የሚያስተኛት። እሱ ራሱ አያጨስም፤ “ያስለኛል” ይላል። እትዬ አስካለ ግን ሳያዩት ስሙን “ሐሺሻሙ” ብለው አውጥተውለታል።

ሬይ ክፍሉ ሲገባ መጀመሪያ እጁን እስከ ክርኑ ይታጠባል። ምላጩን በአልኮል ይጠርጋል፤ ከአንዷ እናት ወደ ሌላዋ ሲሻገር እንደገና ይጠርጋል። ሲቆርጥ አያወራም። ማኔጀሩ መጥቶ ቢያናግረው እንኳ ምላጩን አስቀምጦ፣ ዞሮ፣ መልስ ሰጥቶ፣ ከዚያ እንደገና እጁን ታጥቦ ነው የሚመለሰው። ማኔጀሩ በዚህ ይናደድ ነበር። እኔ ግን ሲታጠብ ሳየው ቅዳሴ ሊገባ የሚሰናዳ ቄስ ይመስለኝ ነበር። ይህንን ለማኅበሩ ብናገር በድንጋይ ይወግሩኛል።

ቅጠል ከሚወጣበት አንጓ ዝቅ ብሎ በሰያፍ ይቆርጥና ወዲያው ውሃ ውስጥ ይነክረዋል፤ ቁስሉ አየር ከሳበ አለቀ ይላል። ትልልቆቹን ቅጠሎች በመቀስ ግማሽ ድረስ ያሳጥራቸዋል። ለምን ያሳጥራል ብዬ ስጠይቀው “ሥር የለውም እኮ፤ ይህን ሁሉ ቅጠል በምን ይቀልበዋል?” አለኝ። የግንዱን ታች በምላጩ ጀርባ ፋቅ ፋቅ አድርጎ ሥር የሚያስወጣውን ዱቄት ያስነካዋል። አፈሩን በእርሳስ ሳይበሳ አይተክልም፤ በስቶ፣ ቀስ ብሎ አስገብቶ፣ ዙሪያውን በሁለት ጣቱ ጠጋ ጠጋ ያደርገዋል። እንዲሁ ከወጉት ዱቄቱ ተፍቆ ላይ ይቀራል። አፈሩም ማዳበሪያ የሌለው፣ እፍ ቢሉት የሚበንን ቀላል አፈር ነው።

እኔ የመጀመሪያ ቀን እንዴት እንደተከልኩ ባያችሁ! በእናቴ ጓሮ ጎመን ስተክል እንደለመድኩት አፈሩን በሁለት አውራ ጣቴ ጠቀጠቅኩት፣ ደግሜ ጠቀጠቅኩት። ሬይ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ።

“ውባ፣ እየተከልሽው ነው ወይስ እየቀበርሽው?” አለኝ። ከዚያ ሁሉንም አውጥቶ እንደገና አስጀመረኝ።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ውሃው ነው። የካልጋሪ አየር አፍንጫ እስኪያደማ ደረቅ ነው። ቅጠሉ ጠውልጎ አንገቱን ሲደፋ ሳየው እጄ ሳላዘው ወደ ማጠጫው ይሄዳል። ሬይ እጄን ይይዘኛል። “በምኑ ይጠጣልሻል? ገና አፍ የለውም። አሁን የሚጠጣው በቅጠሉ ነው” ይለኛል። ስለዚህ በሚያሳይ የፕላስቲክ ክዳን እንከድነዋለን፤ ክዳኑን ከውስጥ በመርጫ እናረጥበዋለን። አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ አይጨቀይም። መጠማቱን ለማወቅ ዕቃውን በእጅ አንስቶ ክብደቱን መስማት እንጂ ቅጠሉን አይቶ መደንገጥ የለም። ሥር አወጣ ይሆን ብሎ መጎተትም ክልክል ነው። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው አናቱ ላይ አዲስ ቅጠል ብቅ ይላል፤ ያኔ መያዙን ራሱ ይነግራችኋል። ያቺን ቅጠል የመጀመሪያ ጊዜ ሳይ ብቻዬን እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ነገሩ ከገባኝ በኋላ ቤቴ ሞከርኩት። ጎረቤቴ ከሆነችው ጣልያናዊት አሮጊት ጓሮ የጤና አዳም ቅርንጫፍ ለምኜ፣ እንደ ሬይ ቆርጬ፣ በውሃ ጠርሙስ ግማሽ ከድኜ መስኮቴ ላይ አኖርኩት። ያዘ። የማኅበሩ ሴቶች ጤና አዳም እየገዙ፣ ክረምት ሲመጣ እየሞተባቸው ስንት ጊዜ ያለቀሱ ናቸው። ሲያዩት “እባክሽ ለእኔም፣ ለእኔም” አሉ። አዳረስኩ። ዛሬ በእኛ ሰፈር በኩል ባሉ የማኅበርተኞች ቤት ያለው ጤና አዳም ሁሉ እኔ መስኮት ላይ ሥር ያወጣ ነው።

አሁን ወደ ክፉው ነገር ልምጣ።

ከእናት ተክሎቹ አንዷ የሬይ የራሱ ነበረች። ያች ሚስቱን ታስተኛት የነበረችው ዝርያ ናት። ከምድር ቤቱ ጀምሮ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲያሻግራት ኖሮ፣ ድርጅቱ ሲቋቋም አስፈቅዶ ያስገባት እሱ ነው። ማኔጀራችን ብራንደን ግን አርጅታለች፣ ቦታ ይዛለች ብሎ እንድትጣል አዘዘ። ሬይ ከእሷ የቻለውን ያህል ቆርጦ ተከለና እናቲቱ ተጣለች። ከዚያ ወዲያ ከእሷ የቀሩት እነዚያ ሥር ያላወጡ ቁርጥራጮች ብቻ ነበሩ።

ሳምንቱ የእኛ ሕማማት ነው። ዓርብና ቅዳሜ የሬይ የዕረፍት ቀኑ ስለሆነ ክፍሉን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ብራንደን ቢሮ ገብቼ ለስቅለትና ለቀዳም ሥዑር ፈቃድ ጠየቅሁ።

“ጉድ ፍራይዴ እኮ ባለፈው ወር ነበር። ተከፍሎሽ አርፈሻል” አለኝ።

“ያ የእናንተ ነው። የእኛ የፊታችን ዓርብ ነው።”

“ሰውየው ስንት ጊዜ ነው የሚሰቀለው?” ብሎ ሳቀ።

እስከ ዛሬ ይህ ሳቅ ያንገበግበኛል። ከበሩ ሳልንቀሳቀስ ቆምኩበት። በመጨረሻ ያለ ክፍያ ፈቀደልኝና ከማሸጊያ ክፍል አንድ ሰው ገባ እያለ ተክሎቹን ያያቸዋል አለ። ያ ሰው ተክል ነክቶ አያውቅም።

ጸሎተ ሐሙስ ከሰዓት ሥራ ልጨርስ ስል የሬይን ቁርጥራጮች አየኋቸው። ጠውለግ ብለዋል። ነገ እኔ እስከ ማታ ውሃ ሳልቀምስ ስሰግድ ነው የምውለው፤ ያ የራሴ ፈቃድ ነው። እነዚህስ ምን አጠፉ? ያ የማሸጊያው ሰውዬ ቢረሳቸው ሳይወዱ አብረውኝ ሊጾሙ ነው? አንጀቴ አልችል አለ። ሬይ ያለኝን ሁሉ ረስቼ ከታች እስኪንጠባጠብ አጠጣኋቸው፤ እርጥበቱ እንዳይወጣ የክዳኑን መተንፈሻ ድፍን አድርጌ ዘጋሁት። ከታቻቸው ሥር እንዲያወጡ የሚያሞቃቸው የኤሌክትሪክ ምንጣፍ ይሠራል። ተመርቄ እንደወጣሁ ያህል ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

የፋሲካ ማግስት ለሬይ ድፎ ዳቦ ይዤ ገባሁ። እሱ እሁድ ገብቶ አይቷቸዋል። ግንዳቸው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቡናማ ሆኖ ላሽቋል፤ ሁሉም በየፊናቸው ተኝተዋል። አንዲትም አልተረፈችም።

“አንቺ ነሽ ያጠጣሻቸው?” አለኝ።

“እኔ ነኝ” አልኩት፤ ለምን እንዳጠጣሁም ነገርኩት። ሳለቅስ እንግሊዝኛዬ ይጠፋብኛል፤ እንደምንም ነገርኩት።

“ዓርብ ቀኑን ሙሉ ውሃ አልጠጣሽም?” አለኝ።

“እስከ ማታ።”

“እና እነሱ አሳዘኑሽ” አለ። ፊቱን አዞረና ዕቃዎቹን ማጠብ ጀመረ።

ብራንደን ሲመጣ እኔ አፌን ሳልከፍት ሬይ “ክፍሉ የእኔ ነው፤ አጠጪ ያልኳት እኔ ነኝ” አለው። በዚያው ቀን ብራንደን ቢሮ ገብቼ እውነቱን ነገርኩት። ሬይ አላዘዘኝም፣ በራሴ ነው ያደረግሁት አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? “ሪፖርቱ ገብቷል፤ አታወሳስቢው።” እናቲቱን ያስጣለው እሱ! ተክል የማያውቅ ሰው የመደበው እሱ! በስቅለቴ የሳቀብኝ እሱ! እሱን የጠየቀው የለም። ሬይን ከኃላፊነቱ አንስተው ማሸጊያ ክፍል ወረወሩት። በጋ እስኪገባ ችሎ ተቀመጠና ለቆ ኦኮቶክስ ቤቱ ገባ። የሚስቱ ተክል ጠፍታ፣ ሥራው ተወስዶ፣ እኔን አንድ ቀን በክፉ ዓይን አላየኝም። መሄጃው ሲደርስ ምላጩን ሰጠኝ።

መከራዬ በዚህ አላበቃም። ከፋሲካው በኋላ በመጣው ሃያ አንድ ጽዋው ለእኔ የሚሰጥበት ነበር። ከሥራ በቀጥታ ነው የሄድኩት። ካፖርቴን ሳወልቅ እትዬ አስካለ አሸተቱ።

“ይሄ ሽታ ምንድን ነው ውባለም?”

“የሥራ ቦታዬ ነው እትዬ። ካናቢስ ነው የምናበቅለው” አልኩ። እስከዚያ ቀን ግሪንሃውስ ነው የምትሠራው ይሉ ነበር፤ የሚበቅለውን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

“ሐሺሽ የሚነካ እጅ የእመቤታችንን ጽዋ አይቀበልም” አሉ እትዬ አስካለ። የዕለቱ ባለተራ ጽዋውን ይዛ ወደ እኔ መጥታ ነበር፤ ከፊቴ መለሰችውና ከጎኔ ለተቀመጠችው ሰጠች። ከጎኔ የነበረችው ተቀብላ ራቅ ብላ ተቀመጠች። አንዲት ሴት እንኳ “ተዉ” አላለችም።

ሳምንት ሳይሞላ ከእነሱው አንዷ ደውላ “ውቤ፣ ጤና አዳሜ ደረቀብኝ፤ ሌላ ታወጭልኛለሽ?” አለችኝ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። የእጄን ሥራ መስኮታቸው ላይ ይተክሉታል፤ እጄን ግን ይጸየፉታል! ሆኖም አወጣሁላት። ከማኅበሩም አልቀረሁም። በየወሩ ሄጄ ጥግ እይዛለሁ፣ ጽዋው ያልፈኛል፣ ዕቃ አጥቤ እወጣለሁ። ሥራ ቦታ ደግሞ ለአዲስ ገቢዎች ሬይ ያሳየኝን አሳያለሁ፤ መጀመሪያ እጅ መታጠብ፣ ከዚያ ምላጭ መጥረግ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እንዲህ ኖርኩ።

ከስልኩ በኋላ ጥቂት ቀን ነድጄ ነድጄ፣ ተነስቼ እትዬ አስካለ ዘንድ ሄድኩ። ሳቫና በሚባለው ሰፈር ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ወጥ ቤት አስቀመጡኝ። ከማሽኑ ቡና ቀዱልኝና ከመስኮቱ ላይ ጤና አዳም ቀንጥበው ጣል አደረጉበት። ግንዱ እንጨት ሆኖ፣ ቅጠሉ መስኮቱን ሞልቶታል።

“እትዬ፣ ይህን ማን ነው ያወጣልዎት?” አልኳቸው።

“አንቺ ነሻ! ምን ማለትሽ ነው?”

“እንዴት እንደሚወጣ የት የተማርኩ ይመስልዎታል?”

ስኒውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

“ያ ነገር በሚሉት ቤት ነው። አቆራረጡ ያው ነው፣ አፈሩ ያው ነው፣ ክዳኑ ያው ነው። ምላጩም ያ ሐሺሻሙ ያሉት ሰውዬ የሰጠኝ ነው። ይህ እጅ ንስሐ የሚያስፈልገው ከሆነ እሺ፣ አብረን እንጨርሰው። መጀመሪያ ይህን ይንቀሉና ይጣሉት። የሁሉንም መስኮት ዞረው ያስነቅሉ። ከዚያ እኔ አባ ዘንድ እሄዳለሁ።”

እጃቸውን ቶሎ ብለው ጤና አዳሙ ላይ ጣሉ። “ምን ነካሽ አንቺ! ይሄ እኮ ስንት ዓመት ሥሩ የያዘ ነው። እንዲሁ ከመሬት ተነስቶ ይነቀላል?”

“እኔስ እትዬ?” አልኳቸው።

ነጠላቸውን አስተካከሉ። ወደ መስኮቱ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። ድምፃቸው ሲመጣ ዝቅ ብሎ ነበር። “አባን ተያቸው፤ እኔ አነጋግራቸዋለሁ። ሴቶቹ ግን ተጸጽቻለሁ ስትይ ሊሰሙ ይጠብቃሉ። ትላለች ብዬ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ። ምን ልበላቸው?”

“ትላለች ይበሏቸው” አልኳቸው። “እንግዳ ግን አለኝ።”

እቤቴ እንደገባሁ ኦኮቶክስ ደወልኩ። ለሬይ ማኅበር ምን እንደሆነ ቀስ ብዬ አስረዳሁት። አሰበና “የዚያን ቀን ውሃ መጠጣት ይቻላል?” ብሎ ጠየቀኝ። ይቻላል አልኩት።

እንግዲህ በሃያ አንድ ሬይን ቤቴ፣ ከአጠገቤ አስቀምጠዋለሁ። ሴቶቹ ሁሉ እስኪሰሙ በአማርኛ፣ እሱም እንዲሰማ በእንግሊዝኛ እናገራለሁ። ያን ጸሎተ ሐሙስ ስላጠጣሁት ውሃ ተጸጽቻለሁ። ሌላ የምጸጸትበት ሥራ የለኝም።